ታላቅ ይቅደም

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የገዛ ኮምፒውተሬ «ፈቃድ የለሽም» አለኝ። ድጋሚ ነካሁት፤ ድጋሚ «ፈቃድ የለሽም»። እንዲህ በአንቺ የሚናገር ማሽን ከከሚሴ ውጭ ያለ አይመስለኝም። ያስተማረው ታናሽ ወንድሜ ሙሀመድአሚን ነው፤ በቤት አጠራር አሚን እንለዋለን፣ የኮምፒውተር መምህር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የተሰባበሩ ሦስት ኮምፒውተሮች አፈራርሶ ይቺን አንዷን ገጣጠመልኝ። ያም አልበቃው ብሎ ውስጧ ያለውን ሥርዓት፣ ሊኑክስ የሚሉትን፣ ቁርጥራጩን ከኮምቦልቻ በፍላሽ እያመላለሰ ክረምቱን ሙሉ እንደ ጭቃ ቤት ከመሠረቱ ጀምሮ ራሱ ሠራው። «ያልተገዛ፣ ያልተሰረቀ፣ ሃላል ነው» ይላል። ማሽኗ የምትናገረውን ሁሉ ወደ አማርኛ የመለሰው እሱ ነው፤ ሲመልሰው ያሰበው እኔን ብቻ ስለነበር ጢማም ወንድ ቢቀመጥባትም «ፈቃድ የለሽም» ነው የምትለው።

ሱቁ ሦስት በአራት ነው፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር። ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር የበሩ መስታወት ይንቀጠቀጣል። አባባ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሽርጥና ሻሽ ይሸጥበት ነበር። ባል ፈትቼ የመጣሁ ሰሞን ምንም ሳይጠይቀኝ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እነሆ አስራ አንድ ዓመት። አንድ ገጽ መጻፍ ሰላሳ ብር፣ ፎቶ ኮፒ አምስት ብር፣ ጉርድ ፎቶ አራቱ በመቶ። በአማርኛም በኦሮምኛም እጽፋለሁ፤ ለኒካሕ ጥሪ ቢስሚላሂውን በአረብኛ አስገባለሁ። የከተማው ግማሽ ሕዝብ እዚያ ማሽን ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ለየትኛው ሥራ ስንት ጊዜ እንዳመለከተ። ያ ሁሉ ነው ያን ዕለት ጠዋት የተዘጋብኝ።

አግዳሚው ላይ ጋሽ ማስረሻ ቁጭ ብሏል። ከመንገድ ሥራ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አቤቱታ ነው። ጎረቤቱ የጣሪያውን ውሃ በእሱ ግቢ ይለቃል፤ ይሄ እንግዲህ አስራ አራተኛው ደብዳቤ ነው። ትናንት ጽፌለት ነበር፣ ዛሬ መታተም ብቻ ነው የቀረው። «ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካላስገባሁ የይግባኙ ቀን ያልፍብኛል፣ ዘይንዬ» አለኝ። «ማሽኑ እምቢ ብሏል» አልኩት። «ምን ብሎ?» አለ። «ፈቃድ የለሽም ብሎ።» ጋሽ ማስረሻ ጥቂት አሰበና «እኔንም እንዲህ ነው የሚሉኝ» አለ፣ ጋዜጣውን ዘረጋ።

ነገሩ የጀመረው ትናንት ነው። አሚን ከሰዓት በኋላ አዲስ ዲስክ ይዞ መጣና «እትዬ፣ ሥርዓቱ አርጅቷል፣ እንደ አዲስ ልሥራልሽ» አለኝ። ሳልጠይቀው! አምስት ወር ሙሉ ማተሚያው ወረቀት ያኝካል ብዬ ስለምነው ያልመጣ ልጅ። ሰው ጥፋት ሊሠራ ሲል ደግ እንደሚሆን አላጣሁትም፤ ግን ወንድም ነው፣ ሻይ አዘዝኩለት። የድሮ ፋይሎቼ ያሉበትን ዲስክ አልነካም፣ ሥርዓቱን ብቻ አዲሱ ላይ ሠርቶ እስከ መግሪብ ጨረሰ። ማታ እራት ላይ ታላቃችን ሙሄ እጁን ሳይታጠብ በፊት «ነገ ከጁምዓ በኋላ ሸህ እንድሪስ ከሽማግሌዎች ጋር ሱቅ ይመጣሉ፤ ለአባባ ዱዓ እናደርጋለን። የንግድ ፈቃዱም መታደስ ስላለበት አንድ ወረቀት ላይ ትፈርሚያለሽ፣ ትንሽ ነገር ናት» አለኝ። ሙሄ የከብት ነጋዴ ነው፤ ሰንበቴና ጨፋ ሮቢት ገበያ ሲመላለስ ይኖራል፣ ስለ ሱቁ አስራ አንድ ዓመት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አሚን እንጀራው ላይ አቀርቅሮ ነበር። እኔም «እሺ ጋሼ» አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ።

እንግዲህ ጠዋት ማሽኗ ውስጥ ፋይሎቼ ያሉበት የራሴ ክፍል ላይ የቁልፍ ምስል ተንጠልጥሎ ሳየው ዓይኔ ወደ ጎን ሄደ። ከኔ ክፍል አጠገብ «አሚን» የሚል ክፍል አለ፤ የትምህርት ቤቱን ፈተና የሚያስቀምጥበት ስለሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ተለይቶት አያውቅም። ዛሬ የለውም። ነካሁት፣ ተከፈተ። የሰው ክፍል አይከፈትም፣ አውቃለሁ፤ ግን ከፈተና ወረቀቶቹ መሐል አንዱ ላይ የኔ ስም ተጽፎበታል። «የዘይና ስምምነት የመጨረሻ ሦስት» ይላል። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው «የመጨረሻ» የሚባል ፋይል ሲያይ ጠብ እንዳለ ያውቃል።

«እኔ ወ/ሮ ዘይና ከወላጅ አባቴ በውርስ ሊደርሰኝ የሚገባውን የንግድ ቤት ድርሻ ቀደም ሲል በቤት ዕቃና በልብስ የተቀበልኩ ስለሆነ፣ ያለማንም አስገዳጅነት፣ በሙሉ ፈቃዴ ለወንድሞቼ መልቀቄን…» ይላል። ከታች ደግሞ ቤቱ ከመጪው ወር ጀምሮ ለሞባይል መሸጫ እንደሚከራይ፣ እኔም «በደጁ በረንዳ ላይ የጽሕፈት ሥራዬን እንድቀጥል ወንድሞቼ በመልካም ፈቃዳቸው የፈቀዱልኝ መሆኑን» ይላል። መጀመሪያ የተናደድኩት በአጻጻፉ ነው። አስራ አራት የፊደል ስህተት! በረንዳው ጥላ የሌለው አንድ ክንድ ቦታ መሆኑ፣ የጨፋ ፀሐይ ቀትር ላይ እንኳን ኮምፒውተር ሰው የሚያቀልጥ መሆኑ ቆይቶ ነው የመጣልኝ። በቤት ዕቃና በልብስ የተባለውም ገባኝ፤ ለሠርጌ የተገዛልኝ ሳጥንና ስድስት ሻሽ ነው። ሙሄስ ይሁን፣ ሙሄ በሬ እንጂ ሰው ገምቶ አያውቅም። አሚንን ግን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ።

አላለቀስኩም፤ ጋሽ ማስረሻ ተቀምጧል። ስህተቶቹን አንድ በአንድ አረምኩ። ከዚያ ፊደሉን አጎላሁት። አሚን በደቃቁ ነው የጻፈው፣ እንደ መድኃኒት ወረቀት፤ ሸህ እንድሪስ ደግሞ ዓይናቸው ደክሟል፣ ያመጡላቸውን ሁሉ «እናንተ አንብባችሁታል አይደል?» ብለው ነው የሚያልፉት። አስራ ስምንት ቁጥር አደረግኩትና ሦስት ቅጂ አተምኩ። ጋሽ ማስረሻ ማተሚያው ሲጮህ ከጋዜጣው ቀና አለ። «የኔን እምቢ ያለው ያንን እንዴት አተመው?» «ያኛው የተፈቀደ ነው» አልኩት። ወረቀቶቹን አጥፌ ከጠረጴዛው ጨርቅ ሥር ከተትኩ።

ቀጥዬ አሚን ጋ ደወልኩ። ክፍል ውስጥ ነበር፣ ከጀርባው ልጆች ይንጫጫሉ። ፋይሎቼ አይከፈቱም አልኩት፤ ሌላውን አላነሳሁም። አሚን የሚያውቀውን ሲጠይቁት ደስ ይለዋል፣ ሳቅ እያለ ይተነትን ጀመር። «ፋይል እኮ ስም አያውቅም እትዬ። እያንዳንዱ ላይ ያለው የባለቤቱ ቁጥር ነው። ሥርዓቱ መጀመሪያ ለተመዘገበው ሰው አንድ ሺህ ይሰጣል፣ ለሚቀጥለው አንድ ሺህ አንድ፣ እያለ ይሄዳል። ድሮ የመጀመሪያዋ አንቺ ነበርሽ፣ ቀጥሎ እኔ። ትናንት እንደ አዲስ ስመዘግብ ለጋሼም ቦታ ልስጠው አልኩና…» «ጋሼ ኮምፒውተር ምን ያደርግለታል?» አልኩት። «ምንም። ግን ቤተሰብ ሲመዘገብ ታላቅ እያለ በታናሽ ይጀመራል እንዴ? ነውር ነው። እሱን አንደኛ አልኩ፣ አንቺን ሁለተኛ፣ ራሴን ሦስተኛ።»

እውነቱን ነው፣ የቤታችን ሥርዓት ነው። አባባ በሕይወት ሳለ የእጅ ውሃ ከሱ ይጀምራል፣ ወደ ሙሄ ይሄዳል፣ ወደኔ ይመጣል፣ አሚን ጋ ሲደርስ ውሃው ያልቃል። ልጅ ሆኖ በጠብታ ነው የታጠበው። በዚህም አኩርፎ አያውቅም፤ ታላቅ ይቅደም ሲባል ያደገ ልጅ ማሽን ውስጥም ያው ነው። «ስለዚህ» አለ አሁንም እየሳቀ፣ «አንድ ሺህ ቁጥር ያለባቸው ፋይሎች፣ ያንቺዎቹ ማለት ነው፣ ለጋሼ ሆነዋል። አንድ ሺህ አንድ ያለባቸው ደግሞ፣ የኔዎቹ ማለት ነው፣ ለ…»

የልጆቹ ጫጫታ ብቻ ይሰማኛል። አንዱ «ቲቸር» ይለዋል።

«እትዬ» አለ ቆይቶ።

«አቤት።»

«ምንም እንዳትነኪ። መጣሁ።»

በባጃጅ መጣ፣ ሒሳቡን ሳይከፍል ወርዶ ሹፌሩ እየተከተለ አስከፈለው። ፊቱ ላይ ላብ አለ። ከወንበሬ ተነሣሁለት፣ ተቀመጠ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ከፈተና የበላይ የሚሉትን የይለፍ ቃል አስገብቶ ሁለት መስመር ጻፈ። ከኋላው ቆሜ ነበርና ሁለቱንም አየሁ፤ የጻፈው የራሱን ስም ብቻ ነው። የ«አሚን» ክፍል ላይ ቁልፏ ተመልሳ ተንጠለጠለች። የራሱን አስቀድሞ ዘጋ እንግዲህ! እኔን ሥራ አስፈትቶ፣ ጋሽ ማስረሻን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ፣ የራሱን። ማዕድ ላይ ታላቅ ይቀድማል፣ ጉድ ሲሸፈን ግን ወረፋ የለም። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ወስዶ «አሁን ያንቺን…» ሲል መብራት ጠፋ።

በከሚሴ መብራት ሲጠፋ ማንም አይደነግጥም፤ ጎረቤት ያለው ወፍጮ ዝም ይላል፣ ሰው ወንበሩን ወደ በር ያወጣል። እኛም አወጣን። አሚን ጣቱን እያፍተለተለ የደጁን አቧራ ያያል። ሊጠይቀኝ ይፈልጋል፤ አንብቤው ከሆነ መጠየቁ ምንም አይጠቅመውም፣ ካላነበብኩት ደግሞ መጠየቁ ያስነብበኛል። ይሄን ሲያመዛዝን ግማሽ ሰዓት አለፈ። «የማተሚያውስ ነገር? አሁንም ያኝካል?» አለኝ በመጨረሻ። «ዛሬ ደህና ነው፣ ጥርት አድርጎ ነው ያተመው» አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። የጁምዓ አዛን ሲሰማ ሁለቱም፣ እሱ ወደ መስጊድ፣ ጋሽ ማስረሻ ወደ ምሳው፣ ሄዱ። እኔ ከሱቁ ጀርባ ሰግጄ ተመለስኩ፤ ዱዓዬ አጭር ነበር፣ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥብኝ ብቻ ለመንኩ።

ከስምንት ሰዓት በፊት መጡ። ሸህ እንድሪስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሙሄ አዲስ ሽርጥ ለብሶ፣ አሚን ከሁሉ ኋላ። ሙሄ ጫትና ቴምር አስይዟል። «አካም ኦልቴ ዘይና? ፈያዳ?» አሉኝ ሸሁ በኦሮምኛ፣ ደህና ዋልሽ ሲሉ፤ «አልሃምዱሊላህ ሸሃችን» ብዬ ትራስ አመቻቸሁላቸው። ለአባባ ዱዓ ተደረገ፣ ሁላችንም ዱዓውን ተቀበልን። ቴምሩ ዞረ። ሙሄ ጉሮሮውን ጠረገና ከደረት ኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣ። «ይቺ ነገር የፈቃድ እድሳቷ ነች ሸሃችን፤ ዘይናም ታውቃለች፣ ትፈርማለች፣ እርስዎም ምስክር ይሆናሉ።» ሸሁ ወረቀቷን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ዘረጉ፣ አራቁ፣ አቀረቡ። «ሱብሃነላህ፣ ጉንዳን ነው ወይስ ፊደል?» አሉ። «አንብባችሁታል አይደል?»

«ሸሃችን» አልኩ፣ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «ያ ፊደል ለእርስዎ ያንሳል። እኔ አጉልቼ አትሜዋለሁ።» ከጠረጴዛው ጨርቅ ሥር አውጥቼ አንዱን ለሳቸው፣ ሁለቱን ለሽማግሌዎቹ ሰጠሁ። ለሙሄ አልደረሰውም፤ እሱ የራሱ አለው።

ሸህ እንድሪስ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት፣ ቁርኣን እንደለመዱት፣ ሳይቸኩሉ። «በቤት ዕቃና በልብስ» ላይ ቆም አሉ። «በረንዳ» ላይ ቆም አሉ። አንዱ ሽማግሌ ማላመጡን ተወ። ደጅ ሲኖትራክ አለፈና መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሁላችንም እስኪያልፍ ጠበቅን። «ይሄን ማን ጻፈው?» አሉ ሸሁ። ሙሄ ወደ አሚን አየ። አሚን መሬት አየ። «አሚን ጻፈው» አልኩ፣ «እኔ አረምኩት። አስራ አራት ስህተት ነበረው።»

ሙሄ ቁጣ ጀመረው። «እኔ ለሷ ብዬ ነው! ቤቱ በኪራይ ቢገባ ለሁላችን…» ሸሁ እጃቸውን አነሡ። «ሙሄ፣ ዱዓ ያደረግነው አሁን ነው፣ ገና አልቀዘቀዘም» አሉት። ወደኔ ዞሩ። «ዘይና፣ በሙሉ ፈቃዴ ይላል። ፈቅደሻል?» አስራ አንድ ዓመት የሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ተናግሬ አላውቅም ነበር። «አልፈቀድኩም» አልኩ። «ፈቃዴን የጠየቀኝ ሰው የለም። ወንድሞቼ ናቸው፣ ቢጠይቁኝ ኖሮ ምናልባት ሞኝ ስለሆንኩ እሺ እል ነበር። አሁን ግን እምቢ።» ይሄን ስል ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሞላ እንጂ አልፈሰሰም።

«ውርስ የሚከፈለው አላህ በከፈለው ነው» አሉ ሸሁ። «ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት፤ ከአምስት እጅ አንዱ የሷ ነው። ከአምስት አንድ ትንሽ ነው ትል ይሆናል ሙሄ፣ ግን ከሻሽ ይበልጣል። ከአምስት አንዱ የሷ በሆነ ቤት ላይ እሷ ሳትወድ ተከራይ አይገባም። ይኸው ይጻፍ።» መብራቱ ልክ እንደተላከ ሰው መጣ፤ ወፍጮው ጀመረ። «ዘይና፣ ያንን ሁሌ የምትጽፊልንን የሽምግልና ወረቀት አውጪ።» ከተማው ውስጥ ሌላ ጸሐፊ ባይታጣም ሸሁ የሚያምኑት የኔን ነው፤ የራሴን ጉዳይ ራሴው ልጽፍ ተቀመጥኩ። ማሽኑን ከፈትኩ፣ ወደ ክፍሌ ሄድኩ፣ ነካሁት።

«ምን አለ?» አሉ ሸሁ።

«ፈቃድ የለሽም አለኝ።»

«ማን ነው የሚከለክልሽ?»

ሁሉም አሚንን አዩት። ተነሣ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ፣ የቁጥሩን ነገር ለሸሁ እንደ ተማሪ አስረዳ፤ ታላቅ ይቅደም ብሎ ጋሼን አንደኛ እንዳደረገ፣ በዚህም የእትዬ ሥራ ሁሉ ለጋሼ እንደሆነ። ሸሁ በጥሞና ሰሙት። «ሙሄ፣ አንተ በዚህ ትሠራለህ?» «ኧረ እኔ ነክቼውም አላውቅ!» አለ ሙሄ። «እጅ ለመታጠብ ታላቅ ይቀድማል» አሉ ሸሁ፣ «ለማረስ ግን የሚቀድመው ሞፈር የያዘው ነው። እንዴት ይቃናል ልጄ?» አሚን ሁለት መንገድ አለው አለ፤ ወይ ፋይሎቹን ሁሉ ወደ አዲሱ ቁጥሬ ማዛወር፣ ወይ የሰዎቹን ምዝገባ አፍርሶ በትክክለኛው ተራ እንደገና መመዝገብ። «ፋይሉ ምን አጠፋና ይዛወራል?» አሉ ሸሁ። «ሰዎቹን አስተካክል።»

አሚን አጠገቤ ተንበረከከ፣ ወንበር የለም። ጥቁሩን መስኮት ከፈተ፣ የበላዩን ቃል አስገባ፣ የሙሄንና የኔን ምዝገባ አጠፋ። ከዚያ እጁን ከፊደል ሰሌዳው ላይ አነሣ። «አንቺው ጻፊው እትዬ» አለኝ በቀስታ፣ «አፉ በይኝ።» አፉ አላልኩትም፤ ገና ነው። ስሜን ግን ጻፍኩ። ማሽኗ አንድ ሺህ አለችኝ። ቀጥዬ ሙሄን ጻፍኩ፣ አንድ ሺህ አንድ። ከማሽኗ ወጥቼ በስሜ እንደገና ገባሁ። አንድም ፋይል አልነካንም፣ አንድም ነገር አላዛወርንም፤ ቁልፏ ከክፍሌ ላይ የለችም። የስድስት ዓመት ሥራዬ ሁሉ እዚያው ነበር፣ ተራ በተራ፤ ውል፣ ኒካሕ፣ አቤቱታ፣ የሰው ፊት። የሽምግልናውን ወረቀት አወጣሁ። ሸሁ እየነገሩኝ ጻፍኩ፣ ከአምስት አንድ እጁ የዘይና ነው፣ እሷ ሳትፈቅድ አይከራይም አይሸጥም፣ በአስራ ስምንት ቁጥር። ሽማግሌዎቹ ፈረሙ። አሚን ፈረመ። ሙሄ ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ፣ ሸሁ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ጠበቁት፤ ፈረመ።

ከፈረመ በኋላ አልሄደም። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛውን ዞሮ ከኋላዬ መጣና አንገቱን አሰገገ። የኔን ክፍል አየ፣ ዝርዝሩ እየወረደ አያልቅም። የአሚንን አየ። ከዚያ የራሱ ስም ያለበት ላይ ጣቱን አስቀመጠ፣ የማሽኗ መስታወት ላይ የቅባት አሻራ ቀረ።

«የኔስ? ክፈቺው እስኪ።»

ነካሁት። አሚን በበላዩ ቃል ከፈተውና ቀድሞኝ መለሰለት። «ባዶ ነው ጋሼ። የሠራኸው ነገር የለም።»

ሙሄ ባዶውን ገጽ ጥቂት አየው፣ ሽርጡን አስተካከለ፣ ለሸሁ በሩን ሊከፍት ሄደ። በሩ ላይ ጋሽ ማስረሻ ቆሟል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። «የኔ አቤቱታ ተገኘ ወይ?» አለ። «ተገኘ፣ ግባ» አልኩት።